ሕያው አይጥ የለመደችው ፓይተኔ የሞተውን አልቀበል አለችኝ

1,200 ግራም የምትመዝን ሴት ቦል ፓይተን የምትባል የዘንዶ ዓይነት እባብ አለችኝ። ከቀድሞ አሳዳጊዋ ስረከባት ሕያው አይጥ ብቻ እየበላች ያደገች ስለነበረች፣ እኔም ለጥቂት ወራት በዚያው ቀጠልሁ። ይሁን እንጂ ከሰባት ሳምንት በፊት ያስገባሁላት አይጥ፣ እሷ የመብላት ፍላጎት ሳይኖራት ተጠቅልላ በተኛችበት፣ ከዓይኗ በላይ ነክሶ አቆሰላት። በእንስሳት ሐኪም ታክማ ድናለች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሕያው አይጥ አጠገቧ ማኖር አልሆነልኝም፤ ለአይጡም ቢሆን ጭንቀት የበዛበት አሟሟት ነው።

አሁን ተገድሎ በበረዶ የተቀመጠ አይጥ ሌሊቱን በማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል አቆይቼ በረዶው ሲለቅ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ሙቅ ውሃ ውስጥ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እስኪደርስ አሞቀውና፣ መብራት አደብዝዤ በረጅም መቆንጠጫ አቀርብላታለሁ። አምስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ምላሷን እያወጣች ታሸታለች፣ ተወርውራ ለመንከስ እንደተዘጋጀች አንገቷን ታጥፋለች፤ አይጡን ሳንቀሳቅሰው ግን ወደ መደበቂያዋ ትሸሻለች። እዚያው ትቼላት ባድርም አልነካችውም። የሳጥኗ ሞቃት ጎን 32፣ ቀዝቃዛው 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ነው። ክብደቷ የቀነሰው 40 ግራም ብቻ ነው፤ ዝርያዋም ለወራት ሳይበላ መቆየት እንደሚችል ስለማውቅ ገና አልደነገጥሁም።

ከሕያው ወደ ሞተ ምግብ እባብ ያሸጋገራችሁ ሰዎች፣ በዚህ ደረጃ የሚሻለው ገና ሙቀቱ ያልወጣለት፣ ወዲያው የተገደለ አይጥ እንደ መሸጋገሪያ መስጠት ነው ወይስ ሙከራውን አራርቄ በትዕግሥት መጠበቅ?