«መዓተኛ» ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ለአባቴ የጻፉለትን የቆየ ደብዳቤ ለልጆቼ በኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። አባቴ ያኔ ገና ሥራ መጀመሩ ነበር። «አለቃህ መዓተኛ ነው አሉ። ፊቱ ሲጠቁር ካየህ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» ይላል። እኔ መዓት የማውቀው «መዓት ሰው መጣ» ሲባል ነው። ሰውዬው ሀብታም ነው ማለት ነው? ወይስ መቅሰፍት የሚያመጣ?

መልስ 1፦ ቁጡ ማለት ነው፣ እህቴ። ከሀብት ጋር አይገናኝም።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን ቃሉ ከቁጡም ይከብዳል። «መዓት» ከግእዝ የመጣ ነው፤ ቁጣ ማለት ነው። «ተምዕዐ» ሲል ተቆጣ ማለቱ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙር 102 ላይ «ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» የሚለውን ያውቀዋል። አማርኛው «ከቍጣ የራቀ ምሕረቱም የበዛ» ይለዋል፤ እዚያ ቁጥሩ 103 ነው። ከቁጣ የሚመጣው ቅጣትም መዓት ተባለ። «መዓት ወረደ» የምንለው ለዚህ ነው። አንቺ የምታውቂው የብዛቱ ትርጉም ግን ከጥንቱ በጣም የራቀው ነው። «ኛ» ሲጨመርበት ደግሞ እንደ «ነገረኛ» የሰው ጠባይ ይሆናል።

መልስ 3፦ ልዩነቱን ልጨምርልሽ። ግልፍተኛ ቱግ ይልና ወዲያው ይበርዳል። ነጭናጫ በሆነው ባልሆነው ሲያጉረመርም ይውላል። መዓተኛ ግን ይፈራል፤ ከቁጣው ኋላ ቅጣት አለ። ለዚህም ነው ለጌታ፣ ለአለቃ፣ ለአባት ሲባል የምሰማው። ሕፃን ልጅ ነጭናጫ ይባላል እንጂ መዓተኛ አይባልም። አያትሽ ቃሉን መርጠው ነው የጻፉት። እባክሽ በ«ቁጡ» አትተኪው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን አባቴ ጋ ደወልኩ። አለቃው ስህተት ሲያገኝ አይጮህም ነበር አለኝ። እርሳሱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ጭጭ! ቃሉን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ከግርጌ «ቁጣው የሚያስፈራ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ግን በ«አ» ነው በ«ዓ»?

መልስ 2፦ በ«ዓ» ጻፊው። «ተምዕዐ» ውስጥ ያለው ዐይኑ ዐ ነው።