የተጠለለ እርጎ ወጥ ውስጥ ሲገባ ለምን ይቋጠራል?

ዓረብ አገር እያለሁ ላብነ የሚሉትን የተጠለለ እርጎ ለምጄ መጣሁ። አሁን ደሴ እቤቴ እሠራዋለሁ። የ2 ሊትር ወተት እርጎ ጨው ነስንሼበት፣ በንጹሕ ነጠላ ቋጥሬ አንጠልጥዬ አሳድረዋለሁ። በዚህ ብርድ መበላሸት የለም። እንደ አይብ እሳት ስለማይነካው ልስልስ ነው፤ ዳቦ ላይ ተቀብቶ ጥቁር አዝሙድ ጣል ሲደረግበት፣ ወይ ጉድ!

ችግሩ ምስር ወጥ ላይ ነው። ስጨምረው ይቋጠርና ውሃና ፍርፋሪ ይሆናል። እሳቱን ቀነስኩ፤ በሙቅ ውሃ በጥብጬም ሞከርኩ። ያው ነው። ወጡ ከወጣ በኋላ ከላይ ጣል ማድረግ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እኔ የምፈልገው ግን አብሮ በስሎ ወጡን እንዲያወፍረው ነው። ቀድሜ ትንሽ የስንዴ ዱቄት ነው ወይስ እንቁላል የምመታበት?