የካካዎ ፍሬዎቼን የሚያበላሸው የትኛው በሽታ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። በካካዎ ተክሎቼ ላይ የገባውን የፍሬ በሽታ ለይቼ ማወቅ ስላቃተኝ፣ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዝናቡ ከበረታ ወዲህ በፍሬዎቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ መታየት ጀምሯል። በአንዳንዶቹ ላይ ነጠብጣቡ እየሰፋ በሁለት ሳምንት ገደማ ፍሬውን በሙሉ አጥቁሮታል፤ ለመብሰል የተቃረቡትን ስሰነጥቃቸው ግን ዘሩ ብዙም አልተነካም። ይህ ፋይቶፍቶራ በተባለው ፈንገስ መሰል ተዋሲ የሚመጣው ጥቁር የፍሬ ብስባሴ ይመስለኛል። ግራ ያጋቡኝ ሌሎቹ ናቸው። ገና ለጋ ሳሉ እዚህም እዚያም ያብጣሉ፣ ያለጊዜያቸው ቢጫ ይሆናሉ፣ በእጅ ሲያዙም ከጤነኛው ይከብዳሉ። ትናንት የሰነጠቅሁት አንዱ ከላይ ትንሽ ምልክት ብቻ እያለው፣ ውስጡ በስብሶ ዘሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። በሌላው ላይ የወጣው ነጣ ያለ ዱቄት ስነካው እንደ አቧራ ቦነነ። ሞኒሊዮፍቶራ ሮሬሪ የተባለው፣ የካካዎን ፍሬ ከውስጥ የሚያበሰብሰው ፈንገስ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እስካሁን የታመሙትን በየሳምንቱ እለቅማለሁ፣ ነፋስ እንዲገባም ቅርንጫፎችን መልምያለሁ፤ የመዳብ ፀረ ፈንገስ ብረጭም ያበጡት አልቀነሱም።

ዱቄቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱን በሽታዎች በዓይን ለመለየት የሚያስተማምነው ምልክት የትኛው ነው? ዱቄት ያወጣውን ፍሬ ስቆርጥ ብናኙ ወደ ጤነኞቹ እንዳይደርስ አስቀድሜ በከረጢት ልሸፍነው? የተቆረጠውንስ እዚያው መሬት ላይ በቅጠል መሸፈን ይበቃል ወይስ መቅበር ይኖርብኛል?