«ዘ ፍራጃይል» ሲወጣ ሰው ለምን ፊቱን አዞረበት?

ሚኪ ዘ ጀሞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ናይን ኢንች ኔይልስ የሚባለውን የአሜሪካ ኢንዱስትሪያል ሮክ (የማሽን ድምፅ የተቀላቀለበት ሮክ) ባንድ የሚሰማ አይጠፋም ብዬ ነው። «ዘ ፍራጃይል» የሚለውን አልበማቸውን አንድ ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ሰሞኑን እሱ ላይ ተተክያለሁ። ሁለት ሲዲ ነው፣ 23 ትራክ፣ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ። ሜክሲኮ ታክሲ ስይዝ ብጀምረው ጀሞ ደርሼም ገና ነው።

ስለ አልበሙ ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ታላቅ ሥራ ነው ይላል። ሌላው ከመጠን በላይ የተለጠጠ ውድቀት ይለዋል። ሲወጣ አንደኛ ሆኖ በሳምንቱ 16ኛ ወረደ የሚልም አየሁ። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን፣ ያን አጭሩን የፒያኖ ትራክ ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማ ብሎኛል። በፈረንጆቹ 1999 ሲወጣ የሰማችሁት ካላችሁ፣ ምን ነበር ችግሩ? ደግሞስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ነው የሚሰማው ወይስ እየመረጡ?

የድሮ ሲዲ ሻጭ፦

ሚኪ፣ ይህን አልበም የሚጠይቅ ወጣት በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ያን ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሲዲ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

ከዚያ በፊት የወጣው አልበማቸው የ1994 ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አዲስ አልበም የለም። በዚያን ጊዜ ሙዚቃ አምስት ዓመት ረጅም ነው። በ1994 ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ይዞሩ የነበሩት ልጆች ሥራ ይዘዋል፣ አንዳንዶቹም ወልደዋል። ታናናሾቻቸው የሚሰሙት ኮርንና ሊምፕ ቢዝኪትን ነው። ሬዲዮኑን ደግሞ ብሪትኒ ስፒርስ ይዛዋለች።

አልበሙ ሴፕቴምበር 21 ቀን ወጣ። ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ የሚጠብቁን ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ220,000 በላይ ቅጂ ተሸጦ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት እንዳልከው 16ኛ። የሚወዱት ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ገዝተው ጨረሱ፣ ከእነሱ ኋላ የሚመጣ ግን ጠፋ። ደንበኛው ሲዲውን ያነሳል፣ ዋጋውን ያያል፣ ይመልሰዋል። ሁለት ሲዲ ስለሆነ ከሌላው ይወደዳል። «ሬዲዮ ላይ የሚጫወተው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አልበሙ ሳይወጣ በጁላይ የለቀቁት ነጠላ ዘፈን ድራም የሚባል ነገር የለውም! ከባድ ጊታር ይመጣል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ድምፁ በሹክሹክታ ይገባል፣ ጊታሩ ይመለሳል። ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ደግሞ ሙሉው ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው። አንድ ሰው ይህን አስቦበት ካደረገ ደፋር ነው። እኔ አስቦበት ነው ባይ ነኝ።

ሰውየው ምን ላይ እንደነበር ደግሞ እወቅ። የባንዱ መሪ ትሬንት ሬዝነር ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሜርሰር በምትባል ትንሽ ከተማ በአያቶቹ እጅ ነው ያደገው። አያቱ ክላራ በ1997 አረፉ። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ስምንተኛው ዘፈን ለእሳቸው የተሰጠ ነው። መጠጡና ዕፁ በርትቶበታል። ይሠራበት የነበረው ስቱዲዮ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ድሮ የቀብር አገልግሎት ይሰጥበት የነበረ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ከአለን ሞልደር ጋር ሁለት ዓመት ገደማ ሠሩ።

ገዢው የጠበቀው የ1994ቱን ንዴት ነው። ያኛው አልበም ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ደረጃ በደረጃ ያፈርሳል። እዚህ ያው ሰው የፈረሰውን ሊለቅም ይሞክራል፣ ሁልጊዜም አይሳካለትም። ኀዘን ነው ያለው። ኀዘን ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዚህ ነው አልበሙ የረዘመው። በሦስት ደቂቃ ሬዲዮ ላይ አይሸጥም።

አሁን ወደ ፒያኖው ልምጣ፣ ምክንያቱም ጆሮህ ትክክለኛውን ቦታ ነው የያዘው። ያችን ዜማ በደንብ ያዛትና የአልበሙን ስም የያዘውን ስድስተኛውን ዘፈን ጠብቅ። አዝማቹ ውስጥ ታገኛታለህ። ሦስተኛው ላይ ቃል የላትም። ስድስተኛው ላይ አንዱ ሌላውን እንዳይሰበር ደግፎ ለመያዝ ቃል ሲገባ በእሷ ነው የሚዘፍነው። የመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ «ላ ሜር» አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ሰር የሚባል ባሕር ዳር ሄዶ በነበረበት ጊዜ የጻፈው ነው። በፒያኖ ይጀምርና ቤዙና ድራሙ ቀስ ብለው ይደርሱበታል። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ሁለተኛውን ዘፈን ስትሰማ ያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን የሚያስጨፍር ምት ይዞ። እየመረጥክ ብትሰማ ይህ ሁሉ ያመልጥሃል።

ስለዚህ በተርታ ስማው። ሲዲዎቹ ስም አላቸው፣ አንዱ ግራ፣ ሌላው ቀኝ። ሬዝነርና ሞልደር ቅደም ተከተሉ አልያዝ ቢላቸው ቦብ ኤዝሪንን ጠርተው አስደረደሩት። የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ነው፣ ረጅም አልበም እንዴት እንደሚቆም ያውቃል።

ተቺዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ስፒን መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አልበም አለው። ፒችፎርክ የሚባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ ከ10 2.0 ሰጠው። ያው ፒችፎርክ በ2017 እንደገና ገምግሞ 8.7 ሰጥቶታል። ስለ መጀመሪያው ነጥብ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ያን አንብቦ ሲዲውን ሳይሰማ የተወ ስንት ልጅ ነበር!

ቤዛ፦

እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «ግራ» የሚባለውን ሲዲ ያለ ምንም ማቅማማት እወደዋለሁ። «ቀኝ» ግን መሃል ላይ ይዝላል። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ትራኮች ቢወጡ ማንም አይፈልጋቸውም።

ግጥሙም አለ። ዜማውና ቅንብሩ ከ1994ቱ በብዙ አድጓል፣ ግጥሙ ግን እዚያው ነው። ውድቀት፣ ባዶነት፣ መበስበስ፣ በተመሳሳይ ቃላት ይዞራል። በ1999 ይህን ያነሱ ተቺዎች ነበሩ፣ ሁሉንም ጆሮ የላቸውም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሚኪ፣ በተርታ መስማቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሰልችቶህ ብትዘል ጥፋተኛ አይደለህም።

ናቲ ሳውንድ፦

አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ሚክስ ነው የምሠራው፣ የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኜ አዋህዳለሁ። ሚኪ፣ እባክህ በስልኩ ስፒከር እንዳትሰማው። ደህና ኢርፎን ፈልግ፣ ማታ ቁጭ ብለህ ስማ።

የመጀመሪያውን ትራክ ተመልከት። አንዲት ትንሽ የጊታር ሐረግ ብቻዋን ትጀምራለች። እሷ ሳትለወጥ ድራሙ፣ ቤዙ፣ የማሽኑ ጩኸት እየተደራረበባት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ይሆናል። እኔ ድምፅ መደርደር ማለት ምን እንደሆነ ለጀማሪ ሳሳይ ይህንኑ ነው የማሰማው።

እዚያው «ግራ» ሲዲ ሰባተኛው ላይ ደግሞ ቃል የለም። ከዴቪድ ቦዊ ጋር የሠራው ማይክ ጋርሰን ፒያኖ፣ ኤድሪያን ቢልዩ ጊታር ይጫወቱበታል። «300» የሚለው ፊልም ማስታወቂያ ላይ ሰምታችሁታል። ቀጥሎ ያለው ስምንተኛው ሚክስ ላይ ዶክተር ድሬ እጁ አለበት። የሂፕ ሆፕ ሰው ኢንዱስትሪያል ሮክ ላይ ሲገባ ድራሙ እንዴት ቦታ እንደሚያገኝ ስሙት፣ ደረቅና ቅርብ ነው። ያን ያህል ድምፅ ተጭኖ ሁሉም መሣሪያ ይሰማል። ይህን የሚያክል ሚክስ ዛሬም ቀላል አይደለም።

ሚኪ ዘ ጀሞ፦

ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግንዎት። ስድስተኛው ላይ ዜማዋን አገኘኋት፣ ታክሲ ውስጥ ጮኼ ነበር። ናቲ፣ ኢርፎን ተበድሬያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፣ ሰውየው ራሱስ እንዴት ሆነ? እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ሳይሸጥለት ሲቀር?

የድሮ ሲዲ ሻጭ፦

ሚኪዬ፣ በጣም ከብዶት ነበር። ጭራሽ አልተሸጠም ማለት ግን አይደለም። በጃንዋሪ 2000 ድርብ ፕላቲነም የሚባለውን፣ በደንቡ የሁለት ሚሊዮን ሽያጭ ማረጋገጫ አግኝቷል። ከ100 ደቂቃ በላይ የሆነ ባለ ሁለት ሲዲ አልበም ሁለቴ ስለሚቆጠር ግን አንድ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው፣ ከ1994ቱ ጋር አይወዳደርም። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ያደረገውን ጉዞ ከራሱ ኪስ ነው የከፈለው። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ዕፅ በዝቶበት ሊሞት ነበር። በ2001 መጠጡንም ዕፁንም ተወ። ተከታዩ አልበሙ በ2005 ሲወጣ አንደኛ ሆነ። ከሙዚቃ አጋሩ ከአቲከስ ሮስ ጋር ለፊልም በሠሩት ሙዚቃ በ2011 ኦስካር ወሰዱ። ያን የፊልም ሙዚቃ ከሰማህ በኋላ ወደ «ላ ሜር» ብትመለስ መንገዱ ከየት እንደጀመረ ይታይሃል።

ቤዛ እህቴ፣ ስለ ግጥሙ ያልሽው እውነት አለው፣ አልከራከርሽም። «ቀኝ» ሲዲ አምስተኛውና ሰባተኛው ላይም ልቀቅልሽ። አራተኛውን ግን ከእነሱ ጋር እንዳትደምሪብኝ፣ ጊታሩ ሲገባ ያለው ኃይል የትም የለም። በ2016 ደግሞ አልበሙን በመሣሪያ ብቻ አውጥተውታል። 37 ትራክ አለው፣ ሲወጣ ያልተካተቱም አሉበት። ግጥሙ ከሰለቸሽ እሱን ስሚና መጥተሽ ንገሪኝ።