ሎብስተርን ከዘመዶቹ በምን ልለይ?

የደብረ ብርሃን ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሆቴል ምግብ ዝግጅት እየተማርኩ ነው፤ የባሕር ምግብ ላይ ስንደርስ ግራ ገባኝ። መማሪያው ላይ ያለው ሎብስተር ሁለት ግዙፍ መቆንጠጫ አለው። ጅቡቲ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ሎብስተር ይኸውልሽ» ብሎ የላከልኝ ፎቶ ላይ ግን መቆንጠጫ የሚባል የለም። ሥራ ስገባ እንዳልቸገር መለያውን ንገሩኝ። ደግሞ እኔ በሃይማኖቴ አልበላውም፤ ሳይቀምሱ ባለሙያ መሆን ይቻላል?

የደብረ ሲናው ወጥ ቤት፦
እህቴ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ጅቡቲ ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጽሐፍሽ ላይ ያለው የአትላንቲኩ ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ፣ እንዲሁም በአውሮፓ ይገኛል። መቆንጠጫዎቹን አስተያይተሽ ብታዪ እኩል አይደሉም፤ ወፍራሙ ዛጎል ይሰብራል፣ ቀጭኑ ይቆርጣል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለው ስፓይኒ ሎብስተር ነው። ትልቅ መቆንጠጫ የለውም፤ በምትኩ ከገላው የሚረዝሙ፣ ወፍራምና እሾሃም ሁለት ጢሞች አሉት፤ ከዓይኖቹ በላይም ሁለት ቀንድ አለው። ያለ ጓንት እንዳትይዢው። ጢሙ አጭርና እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ስሊፐር ሎብስተር ነው።

ይሄ ሁሉ እንስሳው ሙሉ ሲሆን ነው። አስቸጋሪው ጅራቱ ብቻ ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ በካርቶን ሲመጣ ነው። እኔ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትቼ የጅራቱን ጫፍ ነው የማየው። በረዶው ሲለቅ ጫፉ ላይ የተዘረጉትን ክንፎች በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ። የኋለኛው ግማሻቸው ለስልሶ የሚተጣጠፍ ከሆነ ስፓይኒ ወይም ስሊፐር ነው። እስከ ዳር ጠንካራ ሆነው ጠርዛቸው ላይ ፀጉር ካለ ባለ መቆንጠጫው ነው።

በቀለም አትመኚ። ጥሬው ሰማያዊም ይሁን አረንጓዴ፣ እሳት ሲነካው አስታዛንቲን የተባለው ቀይ ቀለም አስሮ ከያዘው ፕሮቲን ይላቀቃል፤ ሁሉም ይቀላሉ።

ስለ መቅመሱ፦ እኔም አልበላም። ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ይከለክላል፤ ሥራዬ ግን በዚህ ምክንያት ጎድሎ አያውቅም። ጥሬ ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲበስል ድፍን ነጭ ይሆናል። በሕይወት ያለው ብድግ ሲያደርጉት ጅራቱን ወደ ሆዱ ያጥፋል። ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም አሞንያ ከሸተተ አልረከብም። ጨውና ቅቤውን የሚቀምስልሽ ባልደረባ አታጪም።

ሮቢ ማዶ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ጋሼ፣ እኛ ቆላ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ስንገለብጥ የምናገኘው ሸርጣንስ ዘመዱ ነው?

የደብረ ሲናው ወጥ ቤት፦
አዎ ወንድሜ፤ መቆንጠጫውን ጨምረህ ከቆጠርክ ሁለቱም አሥር እግር አላቸው። ልዩነታቸው ጅራቱ ላይ ነው። የሎብስተር ወደ ኋላ ተዘርግቶ በሥጋ ይሞላል፤ የሸርጣን ቀጥኖ ሆዱ ሥር ይታጠፋል። ገልብጠህ እየው፦ ጠባብ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ወንድ፣ ሰፊና ክብ ከሆነ ሴት ናት። የወንዟ ሸርጣን እንቁላሏንም የተፈለፈሉ ልጆቿንም እዚያው ታጥፋ ይዛቸው ትዞራለች። ልጆች በድንጋይ ሲመቷት ካየህ አስጥላት።

መሐል ሜዳ፣ ጤና ባለሙያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሽሪምፕ (የሎብስተር ትንሽ ዘመድ) አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው ሎብስተርና ሸርጣንም ሊያስነሱበት ይችላሉ፤ ትሮፖማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን ሁሉም ውስጥ አለ። «ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው» ተብሎ አይቀርብለትም። ቢላውና መክተፊያውም ለብቻ ይሁን። ጉሮሮው ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የደብረ ብርሃን ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ክሬይፊሽ የሚሉትስ? በሥዕል ሳየው ከባለ መቆንጠጫው ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

የደብረ ሲናው ወጥ ቤት፦
ይመሳሰላሉ፣ ግን ይሄኛው ትንሽ ነው፤ የሚኖረውም በወንዝና በሐይቅ ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር የራሷ ዝርያ የለም፤ ማዳጋስካር ላይ ግን አለ። ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ያለው ቀዩ በ1970 እ.ኤ.አ. ከውጭ መጥቶ የተራባ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ሎብስተር ከኬንያ ሐይቅ» ብሎ የሚያቀርብልሽ ካለ፣ ክሬይፊሽ ነው በይና በክሬይፊሽ ዋጋ ተደራደሪ።