ቀኑ ያለፈበት የግዢ ሐሳብ ያስረናል እንዴ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም ቤት ሸጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

ባሕር ዳር አባይ ማዶ ያለውን የአባታችንን ቤት ከእህቴና ከወንድሜ ጋር ልንሸጥ ነው። አንድ ገዢ ዋጋውን ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጠን። «እስከ ሰኔ 15 ካልመለሳችሁልኝ ሐሳቤ ቀሪ ነው» ይላል ወረቀቱ። ወንድማችን ያለው ጎንደር ነው፤ ውክልናው የደረሰን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ያም ሆኖ «ተስማምተናል» ብለን ጽፈን ላክን። ሰውየው እሺም እምቢም አላለም። ዝም።

አሁን ሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ይዞ መጣ። ይሄኔ ደላላው ተነሳ፦ «ፈርማችኋል፣ ቤቱ ተሸጧል፣ ኮሚሽኔን ወዲህ በሉ!» ደላላ መቼም የሚሮጠው ለራሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አገላብጫለሁ። ገዢው የሚታሰረው ራሱ እስከቆረጠው ቀን ነው፤ ዝምታም እንደ እሺታ አይቆጠርም (ቁጥር 1682)። የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት (ቁጥር 1723)። እኛ እዚያ ደጅ አልደረስንም። ቀብድም አልተቀበልንም፤ ተቀብለን ቢሆን ለመተው እጥፉን መመለስ ነበረብን።

የጨነቀኝ ያቺ ዘግይታ የሄደች ደብዳቤያችን ናት። እንደ አዲስ የሽያጭ ሐሳብ ትቆጠር ይሆን? የመልስ ቀን አልጻፍንባትም። ሰውየው ነገ ተነስቶ «ተቀብያለሁ» ቢልስ? አንስተናል ብለን በጽሑፍ ብናሳውቀው ይበቃል፣ ወይስ ቀን ቆርጠን መጠበቅ አለብን? አዲሱ ገዢ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።