ወጣት ታካሚ ላይ የሐሞት ቱቦ ጠጠር፦ መቁረጥ ወይስ በባሉን ማስፋት?

ጥያቄ (የውስጥ ደዌ ሬዚደንት)
ሰላም ለሁላችሁ። የ26 ዓመት ሴት ናት፤ አልትራሳውንድ ላይ ሲቢዲዋ (ዋናው የሐሞት ቱቦ) 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ጠጠሮች አሉ። የሐሞት ከረጢቷም ጠጠር አለበት። ቢሊሩቢን (ሐሞት ሲታገድ ደም ውስጥ የሚጨምር ቢጫ ቀለም) 4.5፣ ትኩሳት የላትም፣ አይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራ) ኖርማል ነው። የሚያሳስበኝ በዚህ ዕድሜ ስፊንክተሩን (የቱቦውን መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ) ቆርጦ ለቀሪ ዘመኗ ክፍት መተው ነው። በባሉን ብቻ አስፍቶ ማውጣት አይሻልም?

መልስ (ጋስትሮኢንትሮሎጂስት)
ዶክተር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ስፊንክተሩ ከተቆረጠ የዱኦዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ይዘት ወደ ላይ ይመለሳል፣ ባክቴሪያ ቱቦው ውስጥ ይራባል፣ ከዓመታት በኋላ ጠጠሩ ሊደገም ይችላል። ያም ሆኖ ኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ የሐሞት ቱቦን ማከም) የሚሠራላት ከሆነ ለእሷ መቁረጡን እመርጣለሁ። ወጣትነትና ሴትነት ራሳቸው ከኢአርሲፒ በኋላ ለሚመጣ የቆሽት ብግነት ያጋልጣሉ፤ ባሉን ብቻውን ሲሆን ደግሞ አደጋው ይጨምራል። በ2004 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከጊዜው በፊት የተቋረጠው በባሉኑ ወገን ብግነቱ በዝቶ፣ ሁለት ሰዎችም ስለሞቱ ነው።

ባሉን ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደሟ አልረጋ የሚል ቢሆን፣ 8 ሚሊ ሜትሩን ባሉን ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ነፍቶ ማቆየት ነው። ቶሎ ማርገብ ጉዳት የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በ1 ደቂቃ የተለጠጠ ስፊንክተር በቅጡ ሳይላላ ያብጥና የቆሽቱን መውጫ ይዘጋዋል።

እኛ አገር አንድ ነገር አይረሳ፤ ወስፋት። አልትራሳውንድ ላይ ረጅም፣ ጥላ የማይጥል፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ መስመር ከታየ ጠጠር አይደለም። እዚያ ላይ ከመቁረጥ መቆጠብ ይሻላል፤ የተከፈተ በር ለሚቀጥለው ወስፋት መግቢያ ይሆናል።

መልስ (የኢንዶስኮፒ ነርስ)
ክፍሉ ውስጥ የሚረሳውን ልጨምር። ከመጀመሩ በፊት የእርግዝና ምርመራ፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ከዚያ የቆሽት ብግነትን ለመከላከል ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ 100 ሚሊ ግራም በፊንጢጣ። በአፍ የሚዋጠው አይተካውም። ኩላሊቷና ልቧ ደህና ከሆኑ ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) በሰዓት 3 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ እንዳለቀ 20 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት እንደገና 3 ይቀጥላል። የማስፊያ ባሉኑን በተቀጠነ ኮንትራስት (ኤክስሬይ ላይ የሚታይ ፈሳሽ) ቀስ ብሎ መሙላት ነው፤ ወገቡ (ባሉኑ መሀል ላይ ያለው ጥበት) ሲጠፋ ፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ የሚታይ ኤክስሬይ) ላይ ይታያል። ከቱቦው የሚሰፋ ባሉን ፈጽሞ አይነፋም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ዋየሩ (ወደ ሐሞት ቱቦው የሚመራው ሽቦ) ደጋግሞ ቆሽት ውስጥ ቢገባስ?

ጋስትሮኢንትሮሎጂስት
ከ5 ጊዜ በላይ ፓፒላውን (ቱቦዎቹ ወደ አንጀት የሚከፈቱበትን ጫፍ) ከነካኩ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ዋየሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ቆሽት ከገባ አስቸጋሪ ነው ብሎ ስልት መቀየር ይገባል። ዋየሩን እዚያው ትተው በሁለተኛ ዋየር ሐሞቱን ይፈልጉ፤ ሲጨርሱ 5 ፍሬንች (የውፍረት መለኪያ) የሆነ የቆሽት ስቴንት (ቀጭን ማፍሰሻ ቱቦ) ያስገቡ። ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በኤክስሬይ ይታይ፤ በራሱ ካልወጣ በኢንዶስኮፒ ይወጣል። ኮንትራስት ወደ ቆሽት መርጨት ግን ይቅር።

መልስ (ጠቅላላ ሰርጀን)
ከረጢቱ እስካለ ድረስ ሌላ ጠጠር ይወርዳል፤ በየትኛውም መንገድ ይውጣ። ስለዚህ ከረጢቱን የሚያወጣው ላፓራስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) በዚያው አልጋ ላይ እያለች፣ ቢዘገይ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሠራ። ስፊንክተሩን ማዳን ከሆነ ሐሳቡ ደግሞ ከባሉን የተሻለ አማራጭ አለ፦ ከረጢቱ ሲወጣ በሲስቲክ ዳክት (ከረጢቱን ከዋናው ቱቦ ጋር የሚያገናኝ ቱቦ) በኩል ገብቶ ጠጠሮቹን በባስኬት (መልቀሚያ መረብ) መልቀም። 5 ሚሊ ሜትር ጠጠር፣ ከሲስቲክ ዳክት መገናኛ በታች ከተቀመጠ፣ ለዚህ ይመቻል። ፓፒላው ሳይነካ ሁሉም በአንድ ማደንዘዣ ያልቃል። ኮሌዶኮስኮፕ (የሐሞት ቱቦ ውስጥ ማያ መሣሪያ) እና እጁ የለመደ ሰው ባለበት ለእሷ የማስቀድመው ይህንን ነው።